አንድ ድልድይ፣ ሦስት ሕግ፦ በዋሽንግተን ዙሪያ ሽጉጥ ላለው ወይም ሊገዛ ላሰበ ሰው

ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቶ በቀለበት መንገዱ ወደ ሜሪላንድ የሚነዳ ሰው የፖቶማክን ወንዝ በዉድሮ ዊልሰን ድልድይ ይሻገራል። ድልድዩ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ካልተጨናነቀ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሲገቡበት ቨርጂኒያ፣ ሲወጡበት ሜሪላንድ ነው። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን በመካከል ለአጭር ርቀት ከሥሩ ያለው ውኃ የዋሽንግተን ዲሲ መሆኑን ነው። የቨርጂኒያ ፈቃድ ኪሱ ከትቶ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ የታጠቀ ሾፌር ድልድዩ ላይ ሲወጣ ሕጋዊ ሰው ነው፤ መሃል ሲደርስ በዲሲ ሕግ፣ ሲወርድ ደግሞ በሜሪላንድ ሕግ ወንጀለኛ ይሆናል። መሪ አላጠፈ፣ ፍሬን አልረገጠ፣ ከማንም ጋር አልተጣላ።

አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ነዳጅ ማደያ የሌሊት ተረኛ ሆኖ የሚሠራ። ሽጉጥ የመያዝ ፈቃዱን ባወጣ ሰሞን ሲልቨር ስፕሪንግ ራት ልንበላ ተቀጣጠርንና ስልክ ደወለልኝ። «ስንመለስ ይመሻል፤ ያንን ዕቃ ይዤው ልምጣ?» አለ። እዚያ አይሠራልህም አልኩት። «ዲሲስ?» እዚያም አይሠራም። ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ታዲያ መንግሥት የሰጠኝ ይህ ወረቀት ምንድን ነው?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ይህ ጽሑፍ ለእርሱ ጥያቄ የተሰጠ፣ በመጠኑ የረዘመ መልስ ነው። ጠበቃ አይደለሁም፤ ሕጎቹም በየዓመቱ፣ አንዳንዴም አንድ ዳኛ ባዘዘ ማግስት ይለወጣሉ። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የየግዛቱ ፖሊስ በድረ ገጹ ያወጣውን የዕለቱን መመሪያ ያንብቡ።

አንዱ እንቅፋት ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ግምት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከሞያሌ እስከ ሑመራ አንድ ነው፤ አፈጻጸሙ ከቦታ ቦታ ይለያይ ይሆናል እንጂ የወረቀቱ ቃል አይለወጥም። አሜሪካ ውስጥ ግን የፌዴራል ሕግ ከላይ አለ፣ ከሥሩ የ50 ግዛቶችና የዲሲ ሕግ አለ፣ ከእነርሱም ሥር የከተማና የካውንቲ ደንብ አለ። ሁለተኛው እንቅፋት የመንጃ ፈቃድ ነው። የቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድ ካሊፎርኒያም ይሠራል፤ ሰው የሽጉጡንም ፈቃድ እንደዚያ ያስባል። የሽጉጥ ፈቃድ የሚመስለው ግን የንግድ ፈቃድን ነው፤ ጉልበቱ የሰጠው መሥሪያ ቤት አጥር ድረስ ነው። ከአጥሩ ውጭ የሚከበረው ጎረቤት ግዛት ወድዶ ሲቀበለው ብቻ ነው። በሌላ በኩል 29 ግዛቶች አዋቂ ሰው ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ ፈቃድ ጭራሽ እንዳያስፈልገው አድርገዋል። አገሪቱ አንድ ናት፤ የሽጉጥ ካርታዋ ግን የድሪቶ ቡትቶ ነው።

ይህ ድሪቶ እንዴት እንደተሰፋ በአጭሩ ልናገር። መሣሪያ የመያዝ መብትን የሚጠቅሰው የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያ የጸደቀው በ1791 ነው። ይሁን እንጂ መብቱ የግለሰብ መሆኑን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማያሻማ ቃል የተናገረው በ2008 ነው፤ የክርክሩም መነሻ ዲሲ ከ1976 ጀምሮ በሽጉጥ ላይ የጣለችው እገዳ ነበር። በ2022 ደግሞ ፍርድ ቤቱ የኒው ዮርክን ሕግ ሲሽር፣ ግዛቶች ፈቃድ ጠያቂን «ከሌላው ሰው የተለየ ምን ምክንያት አለህ?» ብለው እንዳይመልሱት ከለከለ። ሜሪላንድም ይህንኑ ጥያቄ ትጠይቅ ነበርና በዚያው ዓመት ጁላይ ወር ላይ ለመተው ተገደደች። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ መንገድ ያዘች፤ ፈቃዱን እየሰጠች ሽጉጥ ይዞ መግባት የሚቻልባቸውን ቦታዎች ማጥበብ። ዛሬ የሚያስቸግረው ፈቃዱን ማግኘቱ ሳይሆን ካገኙት በኋላ የት ይዘውት እንደሚሄዱ ማወቁ ነው።

ከሱቁ ጠረጴዛ ላይ የሚጠብቅዎት ወረቀት

የትም ግዛት ይሁን፣ ፈቃድ ካለው የመሣሪያ ነጋዴ ሲገዙ ቅጽ 4473 የሚባል የፌዴራል ወረቀት ይሞላሉ። ከነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት፣ ረጅም ጠመንጃ ለመግዛት 18 ዓመት የሞላው ሰው መሆን ያስፈልጋል፤ ይህ የፌዴራሉ ወለል ነው፣ ግዛት ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ሽጉጥ ከመኖሪያ ግዛትዎ ውጭ ገዝተው በእጅዎ ይዘው መምጣት አይችሉም፤ የውጪው ነጋዴ ለሰፈርዎ ነጋዴ ይልከዋል፣ ከዚያ ይረከባሉ። በመታወቂያዎ ላይ ያለው አድራሻ የአሁኑ መሆን አለበት። ቤት ቀይረው መንጃ ፈቃዱን ካላደሱ፣ አዲሱ አድራሻ ያለበትን ሌላ የመንግሥት ሰነድ፣ ለምሳሌ የመኪና ምዝገባ፣ ይዘው ይሂዱ። ስምዎንም መታወቂያው ላይ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል ይጻፉ። አንዱ ሰነድ ላይ በአንድ ዓይነት፣ ሌላው ላይ በሌላ ዓይነት የላቲን ፊደል የተጻፈ ስም ስንቶቻችን እንዳለን እግዜር ይቁጠረው። የገዢውን ታሪክ የሚመረምረው ማጣሪያ «ዘግይቷል» ቢልዎት «ተከልክለዋል» ማለት አይደለም፤ ስም ተመሳስሎም ይዘገያል።

ቅጹ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ቀላል ይመስላሉ። ለእኛ ሰው ግን ሦስቱ ጉድጓድ አላቸው።

የመጀመሪያው የመኖሪያ ሁኔታ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መግዛትና መያዝ ይችላል። ያለ ወረቀት የሚኖር ሰው አይችልም። በጎብኚ፣ በተማሪ ወይም በጊዜያዊ የሥራ ቪዛ የገባ ሰውም፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ በሕጉ የተዘረዘረ ልዩ ሁኔታ ከሌለው በቀር፣ አይችልም። ክልከላው መግዛትን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስልዎ፤ መያዝንም ይጨምራል። የተማሪ ቪዛ ያለው ልጅ ከጓደኞቹ ጋር የተኩስ መለማመጃ ቦታ ሄዶ የኪራይ ሽጉጥ ጨብጦ ፎቶግራፍ ቢነሣ፣ ያ ፎቶግራፍ ማስረጃ ነው። አፓርታማ ተጋርተው ለሚኖሩም እንዲሁ፤ የአንዱ ሕጋዊ ሽጉጥ ሳሎን ውስጥ በወጣ በገባ እጅ የሚደረስበት ከሆነ፣ መያዝ የማይፈቀድለት አብሮ አደር «የእኔ አይደለም» ማለቱ ላያድነው ይችላል። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና ያልተወሰነለት ሰው ጉዳይ እንዴት እንደገባ ታይቶ የሚለያይ ስለሆነ፣ ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ወደ ኢሚግሬሽን ጠበቃ ይሂድ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ምክንያቱም ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ መሣሪያን ከሕግ ውጭ በመግዛት፣ በመያዝ ወይም ይዞ በመንቀሳቀስ ጥፋተኛ ከተባለ ከአገር ለመባረር ምክንያት ይሆንበታል። ዜጋው ጎረቤቱ በቅጣትና በገደብ የሚወጣበትን ክስ እርሱ በአውሮፕላን ሊወጣበት ይችላል። የወንጀል ጠበቃው «ጥፋተኛ ነኝ በልና በትንሽ ቅጣት እንገላገል» ሲል ለዜጋ ደንበኛ ጥሩ ምክር ሊሆን ይችላል፤ ግሪን ካርድ ላለው ግን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያየው ፊርማ የሚኖርበት ወረቀት መሆን የለበትም።

ሁለተኛው ጉድጓድ ጫት ነው። አዎ፣ ጫት። ቅጹ ማሪዋናንና በሕግ ቁጥጥር ሥር ያሉ ሌሎች አነቃቂና አደንዛዥ ነገሮችን በሕገ ወጥ መንገድ ይጠቀሙ እንደሆነ ይጠይቃል። ማሪዋና ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ለአዋቂ ቢፈቀድም፣ ቅጹ ራሱ የግዛት ሕግ ቢፈቅድም የፌዴራሉ ክልከላ እንዳለ መሆኑን በጽሑፍ ያስጠነቅቃል። ጫትን በስሙ የሚጠራ ጥያቄ የለም፤ ነገር ግን ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ ከሄሮይን ጋር በአንድ የፌዴራል መደብ ውስጥ ተመዝግቧል። ቅዳሜ ከሰዓት በርጫ ላይ የሚቀመጥ ሰው «ይህ ቅጠል እንጂ አደንዛዥ ዕፅ አይደለም» ብሎ «አይደለም» የሚለውን ሳጥን ምልክት ቢያደርግበት፣ ስለ ቅጠሉ ያለን አስተያየት ምንም ይሁን ምን፣ ፊርማው ያረፈው በፌዴራል ቅጽ ላይ ነው። በዚህ ቅጽ ላይ ሐሰት መጻፍ ከባድ ወንጀል ነው። የፕሬዚዳንት ባይደን ልጅ በ2024 ዴላዌር ውስጥ ጥፋተኛ የተባለው፣ ዕፅ እየተጠቀመ አልጠቀምም ብሎ በዚሁ ቅጽ ላይ በመፈረሙ ነበር። አባቱ ፕሬዚዳንት ስለነበሩ ምሕረት አደረጉለት። የእኛ አባቶች ይህን ሥልጣን የላቸውም።

ሦስተኛው የቤት ውስጥ ጠብ ነው። በትዳር ጓደኛ ወይም በቤተሰብ ላይ በተፈጸመ ጥቃት፣ በቀላል ወንጀል ደረጃም ቢሆን፣ የተፈረደበት ሰው ከ1996 ወዲህ መሣሪያ እንዳይይዝ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል። ፍርድ ቤት ቀርቦ ከተሰማ በኋላ፣ ተጎጂውን ለመጠበቅ የሚሰጥ የመከላከያ ትእዛዝ የወጣበትም እንዲሁ፤ ይህን ክልከላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 በ8 ለ1 ድምፅ አጽንቶታል። ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የደረሰው ሰው መሣሪያውን በ24 ሰዓት ውስጥ ማስረከብ፣ ወይም ለተፈቀደለት ሰው መሸጥ ወይም ማስተላለፍ አለበት። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ይቅር ተባብሎ፣ ዳቦ ተቆርሶ ነገሩ ያበቃል። ትእዛዙን ግን ዳኛው እስኪያነሣው ድረስ የሽማግሌ ምርቃት አያነሣውም። ሚስት ራሷ ቤት ብትመልሰው እንኳ ሽጉጡ መመለስ አይችልም።

ስለ ዘመድ ሳላነሣ አላልፍም። «አንተ ወረቀትህ ንጹሕ ነው፣ ገንዘቡን እሰጥሃለሁ፣ ግዛልኝ» የሚለው ልመና ወንጀል ነው፤ ለማኙ ራሱ በሕጉ መግዛት የሚችል ሰው ቢሆንም። ይህን ያረጋገጠው ጉዳይ የመጣው ከዚሁ ከቨርጂኒያ ነው። አብራምስኪ የተባለ የቀድሞ ፖሊስ ፔንሲልቬንያ ለሚኖር አጎቱ ሽጉጥ ገዛለት፤ ቅናሽ እንዲያገኝ ብሎ ነበር። አጎቱ የወንጀል ታሪክ የለበትም፣ ሽጉጡንም የተረከበው በሕጋዊ ነጋዴ በኩል ነው። ሆኖም ቅጹ ላይ «ገዢው እኔ ነኝ» ብሎ ስለፈረመ ተቀጣ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2014 በ5 ለ4 አጸናበት። በራስ ገንዘብ ገዝቶ መሣሪያ መያዝ ለሚፈቀድለት ሰው በእውነት በስጦታ መስጠት ግን ይፈቀዳል። ልዩነቱ ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጣ የሚለው ነው። የአጎት ልጅ ቅር ይበለው።

ሦስቱ መሬቶች

ቨርጂኒያ ለገዢ ቀላሏ ናት። ለመግዛት ቅድሚያ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ማጣሪያውን የግዛቱ ፖሊስ ያካሂዳል። ደብቆ የመያዝ ፈቃድ የሌለው ሰው በ30 ቀን ከአንድ በላይ ሽጉጥ መግዛት አይችልም። በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ሽያጭም ማጣሪያ እንዲፈልግ በ2020 ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ዛሬ ሥራ ላይ መሆን አለመሆኑን ከግዛቱ ፖሊስ ያረጋግጡ። ሽጉጥን በግልጽ ታጥቆ መሄድ በአብዛኛው ቦታ ለረጅም ዘመን ያለ ፈቃድ ሲፈቀድ ኖሯል፤ ደብቆ ለመያዝ ግን 21 ዓመት የሞላው ሰው ለሚኖርበት ካውንቲ ወይም ከተማ ሰርኪውት ፍርድ ቤት ያመለክታል። ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም። ሥልጠናው ከ2021 ወዲህ በአካል የተወሰደ መሆን አለበት፤ በኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሚገኘው የምስክር ወረቀት ቀርቷል። ፍርድ ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ ካልመለሰ፣ ጸሐፊው ያረጋገጠው የማመልከቻው ቅጂ ለጊዜው እንደ ፈቃድ ያገለግላል። ፈቃዱ አምስት ዓመት ይቆያል። ሽጉጡ ተደብቆ ምግብ ቤት ከገቡ መጠጥ መቅመስ የለም፤ ክትፎውን በአምቦ ውኃ ያወራርዱታል። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ፌርፋክስ ደግሞ በመንግሥት ሕንፃዎቻቸውና በመናፈሻዎቻቸው ውስጥ መሣሪያ ከልክለዋል፤ የልጅ ልደት በፓርክ ስናከብር ይህ ይረሳል። ሪችመንድ ያለው የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በጥር በተሰበሰበ ቁጥር የመሣሪያ ረቂቅ አይጠፋም፤ የጸደቀው አብዛኛውን ጊዜ ጁላይ 1 ሥራ ላይ ስለሚውል በየዓመቱ በዚያ ቀን አካባቢ ማንበብ ልማድ ያድርጉት።

ሜሪላንድ ውስጥ ለመግዛት ራሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከኦክቶበር 2013 ጀምሮ ሽጉጥ ገዢ በመጀመሪያ የብቃት ፈቃድ ያወጣል፤ አሻራ ይሰጣል፣ አራት ሰዓት ሥልጠና ይወስዳል፣ 50 ዶላር ይከፍላል፣ እስከ 30 ቀን ይጠብቃል። ይህ ፈቃድ አሥር ዓመት ያገለግላል። ከዚያ ሱቅ ሄዶ ሽጉጡን ሲመርጥ ሌላ ማመልከቻ ሞልቶ ሰባት ቀን ይጠብቃል። ይህ ሁሉ አልፎ ሽጉጡ ቤት ሲገባ፣ ታጥቆ ለመውጣት አሁንም አልተፈቀደለትም! ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ የብቃት ፈቃድ የመግዣ እንጂ የመታጠቂያ አይደለም። የመታጠቂያው ፈቃድ 16 ሰዓት ሥልጠና፣ ከዚያም ውስጥ የተኩስ ፈተና ይጠይቃል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ለሁለት ዓመት ነው። መጠጥ የሚሸጥባቸውን ምግብ ቤቶች ጨምሮ የተከለከሉት ቦታዎች ዝርዝር ረጅም ነው፣ ከፊሉም ከ2023 ጀምሮ በፍርድ ቤት ሲያከራክር ቆይቷል። የሱቅ ባለቤት ግን በገዛ ሱቁ ግቢ ውስጥ ያለ መታጠቂያ ፈቃድ ሽጉጥ ሊይዝ ይችላል፤ ለባለ መጠጥ ቤቶችና ለባለ ግሮሰሪዎች ይህ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ከሱቁ በር ወጥቶ ቆሻሻ ሊጥል ወደ መንገድ ሲሻገር ግን ያ መብት ከኋላው ይቀራል። ከሌላ ግዛት ወደ ሜሪላንድ ቤት ገዝቶ የሚዛወር ሰው ሽጉጡን በ90 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ አለበት። ከቨርጂኒያ ወደ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤት ፍለጋ የሚዛወሩ ቤተሰቦች የሶፋውን ነገር እንጂ ይህን ሲያስቡ አላየሁም።

ዲሲ ከሁሉም ጠባብ ናት። እያንዳንዱ መሣሪያ በከተማዋ ፖሊስ መመዝገብ አለበት። ያልተመዘገበ ሰው ጥይት እንኳ ሊኖረው አይችልም፤ ከመለማመጃ ቦታ ሲመለሱ ጃኬት ኪስ ውስጥ የቀረች አንዲት ጥይት ራሷን የቻለች ክስ ናት። ደብቆ ለመያዝ 16 ሰዓት ትምህርትና ሁለት ሰዓት የተኩስ ልምምድ፣ 75 ዶላርና በየሁለት ዓመቱ እድሳት ያስፈልጋል። የሌላ ግዛት ፈቃድ አትቀበልም፤ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ግን ማመልከት ይችላል። ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ይዞ መገኘት እስከ አምስት ዓመት ሊያሳስር ይችላል። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ፣ አስተዳዳሪው ካልፈቀደ ወይም በር ላይ የሚፈቅድ ማስታወቂያ ካልተለጠፈ በቀር፣ ለፈቃድ ባለቤትም እንደተከለከሉ ይቆጠራሉ። ዋይት ሐውስና በዙሪያው ያለው የእግረኛ መንገድም የተከለከለ ነው፣ ሰልፍ ሲኖር ደግሞ ፖሊስ ክልከላውን ማስፋት ይችላል። ስንቴ በዚያ አደባባይ ባንዲራ ይዘን እንደቆምን እያስታወስኩ ነው ይህን የምጽፈው።

በሦስቱም መሬት ላይ አንድ የሆነ ነገር አለ። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሕንፃ፣ የኢሚግሬሽን ቢሮና የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮን ጨምሮ፣ የማንም ግዛት ፈቃድ አያስገባም። ለአሻራ ቀጠሮ ሲሄዱ ሽጉጡን ቤት ይተዉት።

መኪና ውስጥ

የ1986ቱ የፌዴራል ሕግ ለመንገደኛ ጥበቃ ይሰጣል፤ ሁሉም ይጠቅሰዋል፣ ጥቂቱ ነው ያነበበው። መሣሪያውን ይዘው የተነሡበት ቦታ ላይም፣ የሚደርሱበት ቦታ ላይም መያዝና ይዞ መንቀሳቀስ የሚፈቀድልዎ ከሆነ፣ በመካከል ያለው ግዛት ቢከለክልም ማለፍ ይችላሉ። ሽጉጡ ጥይት ያልጎረሰ፣ እርሱም ጥይቱም ከተቀመጡበት ሆነው የማይደርሱበት መሆን አለበት። የተሻለው የኋላ ኮፈን ነው። መኪናው ለብቻው የተከፈለ የኋላ ክፍል ከሌለው በቁልፍ የተቆለፈ ሳጥን ያስፈልጋል፤ ፊት ለፊት ያለው መሳቢያና በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለው ኪስ ቢቆለፉም አይቆጠሩም። ከቨርጂኒያ ወደ ሜይን ለአደን የሚሄድ ሰው በዚህ ሕግ ሜሪላንድን፣ ዴላዌርን፣ ኒው ጀርሲንና ኒው ዮርክን ያቋርጣል።

የወዳጄ የራት ቀጠሮ ግን በዚህ ሕግ አይሸፈንም፤ መድረሻው ሜሪላንድ ነውና፣ እዚያ ደግሞ መታጠቅ አይፈቀድለትም። ሜሪላንድ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ በመኪና ማጓጓዝ የምትፈቅደው ለተወሰነ ጉዳይ ነው፤ ወደ መለማመጃ ቦታ፣ ወደ ጥገና፣ ከሱቅ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ራስ ሱቅ፤ ያውም ጥይት ሳይጎርስ፣ በተዘጋ ሳጥን ወይም ማኅደር ውስጥ ሆኖ። ራት በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

በ2013 አንዲት የፊላደልፊያ እናት ኒው ጀርሲ ውስጥ በተራ የትራፊክ ጉዳይ ፖሊስ አስቆማት። የፔንሲልቬንያ ፈቃድ ነበራት፤ ሽጉጥ መያዟንም ሳትጠየቅ ራሷ ነገረችው። ኒው ጀርሲ የፔንሲልቬንያን ፈቃድ ስለማትቀበል ታሰረች፣ ለዓመታት እስራት በሚያበቃ ክስ ፍርድ ቤት ተመላለሰች፣ በመጨረሻም በ2015 የግዛቱ አገረ ገዥ ምሕረት አደረጉላት። ስትሻገር የተሳሳተችው ልክ እንደ ወዳጄ ነበር፤ ወረቀቷን አምና።

ለኡበርና ለሊፍት የሚነዱ ወገኖች ደግሞ ሌላ ሕግ አለባቸው፤ ሁለቱም ኩባንያዎች ሾፌር መሣሪያ እንዳይይዝ ይከለክላሉ። ይህ የኩባንያ ደንብ እንጂ የወንጀል ሕግ አይደለም፤ ሆኖም ሥራ ያሳጣል። ሌሊት የሚነዳ ሰው ስጋቱ እንደሚገባኝ አልደብቅም። ምርጫውን ግን አውቆ ቢያደርገው ይሻላል።

ፖሊስ ካስቆመዎት፣ ዲሲ ውስጥ ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጥ መያዙን ለፖሊሱ የመናገር ግዴታ አለበት። ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃዱንና መታወቂያውን ሲጠየቁ ማሳየት ነው ግዴታው። የትም ይሁን ሁለቱን እጅ መሪው ላይ ማድረግ፣ መብራት ማብራት፣ «ሽጉጥ» የሚለውን ቃል ከማውጣት በፊት «ፈቃድ አለኝ» ብሎ መጀመር፣ ከዚያ «ምን ላድርግ?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። በ2016 ሚኒሶታ ውስጥ ፈቃድ የነበረው አንድ ጥቁር ሰው መሣሪያ መያዙን በትሕትና ከተናገረ በኋላ በፖሊስ ተተኩሶበት ሞቷል። በደነገጠ እንግሊዝኛ እየተናገሩ ወደ ኪስ እጅ መስደድ እንዴት እንደሚታይ ያስቡት።

ቤትና አውሮፕላን ማረፊያ

ሜሪላንድ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ መሣሪያ መተው ወንጀል ነው። ትራስ ሥር፣ ከቁም ሣጥኑ ላይ፣ የጋቢው መሃል፤ እነዚህን ቦታዎች እኛ ልጆች ሳለን ሁሉንም እናውቃቸው ነበር፣ ልጆቻችንም ያውቋቸዋል። በቁልፍ ወይም በቁጥር የሚከፈት ትንሽ ካዝና ከአንድ ወር የስልክ ክፍያ ብዙም አይበልጥም። ሽጉጥ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ ቨርጂኒያ ውስጥ ባወቁ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ስለዚህ መለያ ቁጥሩን ሽጉጡ ባለበት ሳይሆን ሌላ ቦታ ጽፈው ያኑሩ።

በአውሮፕላን ሽጉጥ የሚጓዘው ጥይት ሳይጎርስ፣ በጠንካራ የተቆለፈ ሳጥን፣ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ፣ በአየር መንገዱ ጠረጴዛ ላይ ተነግሮ ነው። በእጅ ሻንጣ ውስጥ ተረስቶ ፍተሻ ላይ የተገኘ ሽጉጥ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚደርስ የፌዴራል ቅጣት ያስከትላል፤ የግዛቱ ክስ ሳይቆጠር። መለማመጃ ቦታ የሚሄዱበትን ቦርሳ ለጉዞ አይጠቀሙበት። ጉዞው ወደ አዲስ አበባ ከሆነ ሽጉጡን ይዞ መሄድ አይታሰብ፤ ከአሜሪካ ማውጣትም፣ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባትም ለየብቻው ፈቃድ የሚፈልግ ነው። ቤት ውስጥ ካዝናው ላይ ቆልፈውበት ይሂዱ። ቁልፉን ግን ለሁለት ወር ቤት ሊጠብቅልዎ ለመጣው፣ በጎብኚ ቪዛ ላለው የእኅትዎ ልጅ አይተዉለት።